የሬዲዮ ሠሪው እጅና የእኔ ልኬት

ኮልፌ በምኖርበት ዘመን ክብሪት ቀፎ ውስጥ የማስቀምጣት አንዲት ስባሪ ነበረችኝ። የትንሽ ጣት ጥፍር አታህልም፤ ግራጫ ናት፣ ብረት ትመስላለች፣ ብረት ግን አይደለችም። አስተማሪዬ ከአገራቸው በፖስታ ያስመጧት የጀርማኒየምና የሲልከን ቅይጥ ነበረች። እኔ የመጨረሻ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በእሷ ላይ ነው። ከአራት ኪሎው ላቦራቶሪ እንድትወጣ አልተፈቀደም፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ቀን ኪሴ እከታትና አውቶቡስ ላይ፣ ሰው ተጋፍቶ በቆመበት መሀል፣ ቀፎዋን እየዳበስኩ እሄዳለሁ። ሌባ ቢያገኛት ክብሪት አገኘሁ ብሎ ይናደድ ነበር። እኔ ግን ከተሳፋሪው ሁሉ ሀብታሙ እኔ ነበርኩ።

ምን እንደምማር ሰው ሲጠይቀኝ በቆጥ ነበር የማስረዳው። መዳብ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ እንጨት አያሳልፍም፤ ጀርማኒየምና ሲልከን በሁለቱ መሀል ናቸው። በውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች ቆጥ ባለው ቤት እንደሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ምድር ቤቱ ጢም ብሎ ስለሞላ ማንም መንቀሳቀስ አይችልም፤ ቆጡ ላይ ግን ቦታ እንደ ልብ ነው። ሙቀት ያገኘ ኤሌክትሮን ዘሎ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ እዚያም እንደ ፈለገ ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክም ያልፋል። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች በሞቁ ቁጥር ይበልጥ ያሳልፋሉ። የጀርማኒየም ቆጥ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲልከን ሲቀየጥበት ግን ክፍተቱ ይሰፋል፣ ቆጡ ከፍ ይላል። የእኔ ሥራ ስባሪዋን ቀስ እያልኩ እያሞቅሁ፣ በየዲግሪው ምን ያህል እንደምታሳልፍ እየለካሁ፣ የቅይጧ ቆጥ የቱ ጋ እንደሆነ ማወቅ ነበር።

አራት ቀጫጭን ሽቦ በእርሳስ ይበየድባታል። በዳርና በዳሩ ኤሌክትሪኩ ይገባል፣ በመሀለኞቹ ሁለት ይለካል። መሣሪያው ፊት ቁጭ ብዬ መርፌው ቁጥር ላይ ሲቆም ሳይ፣ የሰው ልጅ ክርክር ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያበቃል ብዬ አምን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ያላመነ ካለ እሱ ይፍረድብኝ።

የምኖረው ከኮልፌ ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ትውልዳቸው ጎጃም ነው፤ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ተማሪው ይሉኛል። ልጅ የላቸውም። ያላቸው ነገር ቢኖር ባላቸው ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብለው የገዙት ባለ ድንጋይ ሬዲዮ ነው። ሲናገሩት «ይሄ ሬዲዮ» አይሉም፤ «የሱ ሬዲዮ» ነው የሚሉት። ጧት ተነስተው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይከፍቱታል፣ ወጥ እየሠሩም ይሰሙታል፣ አልፎ አልፎም ይመልሱለታል። ዜና አንባቢው ስለ ዝናም ሲናገር «ይኸው እኮ አልኩ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለበት ቤት ሁሉ ሬዲዮውን ያለብሳል። አንዱ የዳንቴል ይሠራለታል፣ አንዱ ጥልፍ። የእማማ ግን የሚደንቅ ነበር። ከባላቸው ካባ ከተረፈ ጥቁር ቀይ ከፋይ ጨርቅ ሰፍተው፣ ጠርዙን በዳንቴል ከበው፣ ቁልፎቹ በሚገኙበት በኩል ብቻ ቀዳዳ አውጥተውለታል። ሬዲዮው እንደ ለበሰ ነው የሚናገረው፤ ራቁቱን ማናገር ነውር ነው። መደርደሪያውን ደግሞ በዚያው ሰሞን ከመስኮቱ ትይዩ አዛውረውታል፤ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ እንዲያየው።

አንድ ቀን ሬዲዮው ጭራሹን ዝም አለ። ድንጋዩ ቢቀየርም ዝም። እማማ ልብሱን አውልቀው፣ አቧራ እንዳይነካው አጥፈው ሳጥን ከተቱና ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልለው ፌርማታው አጠገብ ወዳሉት ሬዲዮ ሠሪ ወሰዱት።

ሬዲዮ ሠሪው አርባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሱቃቸው ከአራት ቆርቆሮ የተሠራች፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያለች፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው የሚቆምባት ናት። ትምህርት ቤት አልዘለቁም። ሙያውን ያገኙት ከአንድ ጣሊያን ጋር ብዙ ዓመት ሠርተው ነው። መለኪያ ቴስተር እንኳ የላቸውም፤ ያላቸው ካውያ፣ ካቻቪቴና ሁለት ጆሮ ነው። ሬዲዮውን ከፍተው ጆሯቸውን ያስጠጉና በጣታቸው ጥፍር አንዱን ዕቃ መታ፣ ሌላውን መታ ያደርጋሉ። ከዚያ «ይሄ ነው» ይላሉ። ሲጨርሱም «ደህና ነው» ይሉና ክዳኑን ይገጥማሉ። ሌላ ቃል የላቸውም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሰፈሩ በእሳቸው ላይ ፊቱን አጥቁሯል። ጴንጤ ሆነዋል ተባለ። እውነትም እሑድ እሑድ ከሚስታቸው ጋር ወደ አንድ ጸሎት ቤት ይሄዱ ነበር። በእድሩ ውስጥ ግን እንዳሉ ነበሩ፤ መዋጯቸውን አያጓድሉም፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው ደርሰው ድንኳን ይተክላሉ። እሳቸውን ከእድሩ የሚያስወጡበት ምክንያት የጠፋባቸው ሰዎች እንደነበሩ በኋላ ነው የገባኝ።

እማማ በየቀኑ ሱቃቸው እየሄዱ «የሱ ሬዲዮ እንዴት ሆነ?» ይሏቸው ነበር። በሳምንቱ ተሠርቶ መጣ። እማማ አለበሱትና መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ ጧት እንደ ጉድ ይናገራል። ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ግን ድምፁ እየተንሻፈፈ ሄደ፣ ሲቃ ያዘው፣ ጸጥ አለ። ማታ ራሱ ተነስቶ ተናገረ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

እማማ ልብሱን አውልቀው ወደ ሱቁ መለሱት። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ዋለ።

«እማማ፣ ይኸው ይናገራል። ምኑን ልጠግንልዎ?» አሉ ሬዲዮ ሠሪው።

ወደ ቤት መጣ፤ ቀትር ላይ ሞተ። ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። በሦስተኛው እማማ ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦ «ተማሪው፣ ይሄ ሰውዬ አንጀቱን ለውጦብኛል። ዋናውን አውጥቶ ሸጦ የማይረባ ከቶብኛል። እሱ ጋ ሲሆን የሚናገረው እያባበለው ነው።»

ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ ገበያ ደረሰ። ከገበያ ሲመለስ ሬዲዮ ሠሪው የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ አንጀት ሲለውጡ የኖሩ ሰው ሆነው ነበር። ነገሩ እድር ፊት ቀረበ። የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ያለ ማስረጃ አይፈርዱም። ከሰዉ መሀል አንዱ «ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ይመርምረው» አለ። ልቤ ምን ያህል እንዳበጠ ልናገር ብል አፍራለሁ።

ሬዲዮውን ወደ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ሕንፃው ቀዝቃዛ ነው፤ በየካቲት እንኳ ሹራብ ያስለብሳል። ሬዲዮው ጠረጴዛዬ ላይ ጧት ተከፍቶ እስከ አሥር ሰዓት ሲያወራ ዋለ። ከፈትኩት። ድምፁን የሚያጎሉት ሰባት ትራንዚስተሮች ናቸው፤ ሁሉም ከጀርማኒየም የተሠሩ። ስድስቱ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። አንዱ ይለያል፤ እግሮቹም እንደገና ተበይደዋል። አንድ በአንድ ለካኋቸው። ትራንዚስተር መዝጋት ሲገባው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ባዕዱ ከሌሎቹ ስድስት ትንሽ አብልጦ ያሾልካል። ቁጥሩን በንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ ፊርማዬን አኖርኩ። ፊርማ መፈረም በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

የወሩ የእድር ስብሰባ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሬዲዮ ሠሪው ከጸሎት ቤታቸው መልስ በደህና ልብሳቸው መጥተው ከዳር ቆሙ። ዳኛው ጠየቋቸው።

«አንዱ ሞቶ ነበር» አሉ ሬዲዮ ሠሪው። «አውጥቼ እኔ ዘንድ የነበረውን ከተትኩበት። ደህና ነው ብዬ ነው የከተትኩት።»

«የሞተውስ የታለ?»

«ጣልኩት፣ አባባ። የሞተ ዕቃ ምን ያደርግልኛል?»

ሰዉ አጉረመረመ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «የወጣው የሞተ ይሁን ደህና፣ በመሣሪያ ይታወቃል ወይ?»

ተነስቼ ወረቀቴን ዘረጋሁ። «የሌለውን መለካት አይቻልም። እኔ የማውቀው ያለውን ነው። አሁን ያለው የዚህ ሬዲዮ ዕቃ አይደለም፤ ያገለገለ ነው፤ ከሌሎቹም የከፋ ነው።»

ሬዲዮ ሠሪው ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም። «ከሌሎቹ ይከፋል?» አሉኝ።

«ይከፋል።»

«መሣሪያው ነው ያለው?»

«መሣሪያው ነው።»

እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ምንም አልተናገሩም። ዝምታቸውን ጥፋታቸውን እንደማመን ቆጠርነው፤ መጀመሪያ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ተፈረደ፦ እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ የሬዲዮውን ዋና ዕቃ ይመልሱ፣ ካልመለሱ ስማቸው ከእድሩ ይሰረዛል። ሚስታቸው ሳንባቸውን ታመው ከቤት የማይወጡ ሴት እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ከእድር የተሰረዘ ሰው ሞት ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬን የሚሸከምለት የለም። ያን ሁሉ እያወቅን ተነስተን ቡና ልንጠጣ ወደ ዳኛው ቤት ሄድን።

በማግስቱ ሱቋ ተዘጋች።

እኔ ወደ ስባሪዬ ተመለስኩ። ልኬቴ አልቆ ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ሳሰፍር አንድ ጉድ ወጣ። ሲልከን ስላለባት ቆጧ ከንጹሕ ጀርማኒየም ቆጥ ከፍ ማለት ነበረበት። የእኔ ልኬት ግን ዝቅ ይላል ይላል። ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው። የተሳሳትኩ መሆኔን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። አዲስ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ስሜ መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ እማማ ለጎረቤት ሲያሳዩ ሁሉ ታየኝ።

ወረቀቱን ለአስተማሪዬ ወሰድኩላቸው። ሸበቶ፣ ረጋ ያሉ የውጭ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ብዙ አዩት። ቁጥሮቹን አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቴርሞሜትሩ የት ነበር?»

ስባሪዋን የማሞቃት በትንሽ የመዳብ ጣሳ ውስጥ ነው። የላቦራቶሪው መስኮት አልገጥም ብሎ ነፋስ ስለሚያስገባ፣ እንዳይበርዳት ብዬ በጥጥ ጠቅልያታለሁ። ጥጡ ወፍራም ነው፤ ሳስቼላት ነበር። ቴርሞሜትሩን ያስገባሁት በጣሳው ውስጥ፣ ከጥጡ ውጭ ነው። ይህን ስነግራቸው ገና አፌ ላይ እያለ ገባኝ። ጣሳው ሲግል ቴርሞሜትሩ ወዲያው ከፍ ይላል፤ ስባሪዋ ግን በጥጥ ታቅፋ ገና ቀዝቃዛ ናት። የአንዱን ሙቀት ከሌላው ማሳለፍ ጋር አጋብቼ ነበር።

«ስሌትህ ልክ ነው፤ የለካኸው ግን እሷ ያለችበትን አይደለም» አሉኝ አስተማሪዬ። አልተቆጡም። ከዚያ ሻይ አፈሉልኝ። የወንድ ልጅ ዓይን ውስጥ እንባ ሲያዩ የሚያደርጉት ይህን ነበር መሰለኝ።

ወደ ኮልፌ ስመለስ ስለ ስባሪዋ እያዘንኩ ነበር። አውቶቡሱ ከፌርማታው ሲደርስ የተዘጋችውን ሱቅ አየሁና ሌላ ነገር መጣብኝ። ሬዲዮው ጀርማኒየም ነው። በሞቀ ቁጥር ያሾልካል። እኔ የለካሁት ሹራብ በሚያስለብስ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሱቋም ጥላ ነች። የሚሞተው እማማ ቤት ነው፣ የሚሞተው ቀትር ላይ ነው፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። እማማ ቤት ደግሞ ልብስ ይለብሳል። ልብሱን እኔም ሬዲዮ ሠሪውም አንድ ቀን ከሬዲዮው ጋር አስበነው አናውቅም፤ ምክንያቱም እማማ ከቤት ሲያወጡት ሁልጊዜ ያወልቁታል። በየቀኑ የማየው ነገር ነው። እንደ ግድግዳው ቀለም ሆኖብኝ ነበር። ክው ብዬ ቀረሁና ፌርማታዬን አለፍኩት።

ቅዳሜ ዕለት ከላቦራቶሪ የተዋስኩትን ቴርሞሜትር በከፋዩ ቀዳዳ አስገብቼ ሬዲዮው ጎን አስደገፍኩት። እማማ አጠገቤ ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«ትኩሳቱን ነው የምትለካው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

አራት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት ዲግሪ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ከፋዩ ላይ አረፈች። አምስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ስምንት። ጥቁር ቀዩ ጨርቅ እጅ ሲነካው ያቃጥላል። አርባ አራት ላይ ድምፁ መንሻፈፍ ጀመረ፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አርባ ስምንት ገባ፣ ሬዲዮውም ጸጥ አለ። ልብሱን አወለቅሁና ውኃው ጋን አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። መጀመሪያ ተንተባተበ፣ ከዚያ ዘፈን ጀመረ፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ዜናውን ቀጠለ።

«አፍኜ የገደልኩት እኔ ነኛ» አሉ እማማ ቀስ ብለው። ከፋዩን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይሄን ሁሉ ቀን ሰውዬውን ሳማው ከረምኩ። እሱ እኮ አንድ ቀን ክፉ መልስ አልሰጠኝም።»

አንድ ነገር ገና ቀርቶኝ ነበር፤ ያ «የከፋ» ያልኩት ዕቃ። ሰኞ ከላቦራቶሪው እሽጉ ካልተነካ ሣጥን አዳዲስ ትራንዚስተሮች አውጥቼ አሥሩን ለካሁ። አዲሶቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ሬዲዮ ሠሪው ከከተቱት ይበልጥ ያሾልካል። ደህና ዕቃ ነበር። እኔ ከሰባት ወንድማማች መሀል አንዱን ረዘም ያለ አይቼ በሽተኛ ነው ያልኩ ሰው ነኝ።

በዚያው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ሚስታቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ትከሻቸው ላይ ጋቢ አለ፣ ሲናገሩ ሳሉ ያቋርጣቸዋል። ማን እንደሆንኩ አውቀውኛል፤ ግን ግባ አሉኝ።

«የለም» አሉ። «ከራኒዮ በኩል ቤት የሚሠራ ሰው አለ፤ ድንጋይ ሊያቀብል ሄዷል።»

እሳቸውን ስጠብቅ ግድግዳው ጥግ ያለው ሬዲዮ ላይ ዓይኔ አረፈ። ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ከዚያ ወዲህ አይሠራም» አሉኝ። «ለሴትዮዋ ሬዲዮ የሚሆን ዕቃ ፒያሳ ጠፋ። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ እየመጡ ሲጠይቁት አንጀቱን በሉት። ባላቸው ሁለተኛ የሞተባቸው ነው የሚመስለው አለኝ። ከዚህ ነቅሎ ወሰደላቸው። እኛ መዝሙር ስለምናውቅ ይበቃናል አለ።»

ለምን ይህን እድር ፊት አልተናገሩም ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት። መናገር ጀምረው ነበር እኮ፤ «እኔ ዘንድ የነበረውን» ነው ያሉት። እንዲቀጥሉ ቦታ ያልሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ወደ ማምሻው መጡ። እጃቸው በሲሚንቶ ነጥቷል፣ አንዱ ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል። ያን ጣት አውቀዋለሁ፤ ትራንዚስተሩን መታ የሚያደርጉበት ነው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ከፋዩ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ አዳዲሶቹ አሥር ዕቃዎች። ይቅርታ ስላቸው ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝም ይቀለኝ ነበር።

«ዕቃው ደህና ነበር?» አሉ።

«ደህና ነበር፣ ጋሼ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ያንተን ወረቀት አምኜ ነበር» አሉኝ። «ስከተው ጆሮዬ ደህና ነው ብሎኝ ነበር። መሣሪያ ይከፋል ካለ የከዳኝ ጆሮዬ ነው አልኩ። ስንቱን ሬዲዮ አበላሽቼ ደህና ነው እያልኩ ለባለቤቱ መልሼ ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት። ሱቁን የዘጋሁት ሰው ፈርቼ አይደለም።»

ሚስታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ደግሞ የምገባበት ጠፋኝ። ሰፈሩ ስማቸውን የነሳቸው መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ የእኔ ወረቀት ግን ከዚያ የባሰ ነገር ነስቷቸዋል።

በወሩ ስብሰባ ዳኛው ገና ሳይከፍቱ እማማ ተነሱ። ሬዲዮውን ራቁቱን ይዘውት መጥተዋል። «የበደልኩ እኔ ነኝ» አሉና ሬዲዮ ሠሪው ፊት ሄደው ዝቅ ሲሉ፣ እሳቸው ቀድመው ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው። ቀጥሎ እኔ ተነሳሁ። ሬዲዮውን ፀሐይ ላይ ከፋዩን አልብሼ አስቀመጥኩት፣ ሰዉ ሁሉ እያየ ሞተ፤ ጥላ ውስጥ አውልቄ አስቀመጥኩት፣ ሰዉ ሁሉ እያየ ተነሳ። ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት በእጄ ቀደድኩት። ቁጥሩ ልክ እንደነበረ፣ ፍርዱ ግን የእኔ ስህተት እንደነበረ ተናገርኩ። ዕቃው ከየት እንደመጣም ተናገርኩ። ሲያሙ ከከረሙት መሀል አንዱ እያሳለ ወጣ። ዳኛው መዝገቡን ከፍተው የሬዲዮ ሠሪው ስም እንዳለ እንደሚቆይ አነበቡ፣ ቀጥለውም እድሩ ይቅርታ እንደሚጠይቃቸው በራሳቸው እጅ ጻፉበት። ሬዲዮ ሠሪው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ።

ሱቋ ተከፈተች። እማማ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሆኑ፤ ምንም ያልጎደለውን ሬዲዮ ይዘው ሄደው እንዲያዩላቸው ጠየቋቸው። ሰፈሩም ተመለሰ፤ እንዲያውም ከቀድሞው በዛ። ላየው ሁሉም ነገር የተካከለ ይመስላል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሬዲዮ ሠሪው በሬን አንኳኩ። በጨርቅ የተጠቀለለ የሰው ሬዲዮ ይዘዋል። ሠርተው ጨርሰውታል። «እስቲ በመሣሪያ እይልኝ» አሉኝ። አስተማሪዬን ለምኜ ያመጣሁት ቴስተር ነበረኝ፤ ለካሁላቸው። ደህና ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ይዘው መጡ፤ ደህና ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አላለፋቸውም። አንድም ጊዜ ስህተት አላገኘሁባቸውም፤ ሁልጊዜም እነግራቸው ነበር። ነገሬን በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «እስቲ አንዴ ድገመው» ይሉኛል። እደግመው ነበር።

ስባሪዋን እንደ አዲስ ለክቼ፣ ቆጧን ካለበት አግኝቼ ተመረቅሁ። ክፍለ ሀገር ለማስተማር ተመድቤ ከኮልፌ የምወጣበት ቀን ዕቃዬን ስጭን ሬዲዮ ሠሪው አንድ ሬዲዮ ይዘው መጡ። ክዳኑ ተከፍቷል። ያን ቀን አስቀድሜ አስቤበት ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኔ አልለካም» አልኳቸው። «በጆሮዎ ይስሙትና እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሬዲዮውን በር ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ በዚያች ጣታቸው አንዱን መታ፣ ሌላውን መታ አደረጉ። ብዙ ሰሙ። ዕቃዬን የጫነው ጋሪ ነጂ ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ሰሙ።

«ደህና ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ።

ቴስተሩን ከሻንጣዬ አወጣሁና ለካሁት። «ደህና ነው» አልኳቸው። ክዳኑን የገጠሙት ያን ጊዜ ነው።